የክላርኔቱ አፍ

እናቴ ክላርኔት ሲመጣላት መጀመሪያ የምታደርገው ነገር አፍንጫዋን ሳጥኑ ውስጥ መክተት ነበር። ዓይኗን ጨፍና ትምግና፣ "ይኼ እርጥብ ቤት ተቀምጦ የኖረ ነው" ትላለች፤ ወይም ደግሞ ፊቷ ፈታ ይልና "ይኼን ሰው ወዶታል፤ ቅባቱ አሁንም ይሸታል" ትላለች። እኔና ታናሽ ወንድሜ ኢዩ አልጋው ጫፍ ላይ እግራችንን አንጠልጥለን እናያታለን። ቤታችን ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ውስጥ ያለች አንድ ክፍል ነበረች። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። እናቴ ያን ጊዜ ክላርኔቱን ጭኗ ላይ ታሳርፍና፣ "ይለፍ፤ ከእሱ ጋር አንፎካከርም" ትለናለች።

ስሟ ተናኜ ነው። በወጣትነቷ በአንድ የሠራዊት ባንድ ውስጥ ክላርኔት ትነፋ ነበር፤ ሠራዊቱ ሲበተን እሷም አብራ ተበተነች። ሠርግ ቤትም ሆቴልም ሞክራ አልሆነላትም። ጆሮዋና ጣቷ ግን አልከዷትም። የሚሌኒየሙ በዓል ሲቃረብ የቦሌ የግል ትምህርት ቤቶች እየተሽቀዳደሙ የማርሽ ባንድ ማቋቋም ያዙ። አትላስ አካባቢ ምድር ቤት ውስጥ መጋዘን ያለው ጋሽ ኣክሊሉ የሚባል ነጋዴም ከውጭ አገር ያገለገሉ የተማሪ ክላርኔቶችና ትራምፔቶች በአየር ጭነት ማስመጣት ጀመረ። ሙዚቃ አያውቅም። የሚያብለጨልጨው ሁሉ ጥሩ ይመስለዋል። ስለዚህ ለትምህርት ቤቶቹ ከማቅረቡ በፊት የሚረባውን ከማይረባው እንድትለይለት ሳጥኖቹን እኛ ቤት ያመጣቸዋል። እኔ ያኔ ስምንት ዓመት ገደማ ቢሆነኝ ነው፤ ኢዩ ገና አፉን በደንብ አልፈታም፣ እኔን "ሉላ" ማለት አቅቶት "ኡያ" ይለኛል።

ስትመረምር ማየት ደስ ይል ነበር። ቁልፎቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቷ ጫን ታደርጋለች። "ይኼ ብረቱ ልስልስ ነው፤ ልጅ ጨብጦት በወሩ ይጎብጣል።" እንጨት የሆነውን ወደ መስኮቱ አዙራ በጥፍሯ ትዳብሰዋለች። "እዚህ ጋ ተሰንጥቋል። ስንጥቁን በጫማ ቀለም ሞልተውታል፤ ብልጦች።" ከጥቁር ጎማ የተሠራው ወደ አረንጓዴ ካደላና ክብሪት ክብሪት ከሸተተ አርጅቷል ማለት ነው፤ እሱን ግን አትንቀውም ነበር፤ "አርጅቶም ይዘፍናል" ትላለች። መጨረሻ ላይ ቀዳዳዎቹን ሁሉ በጣቶቿ ትደፍንና የታችኛውን ጫፍ በመዳፏ ዘግታ በውስጡ ያለውን አየር ትመጠዋለች። ስታላቅቀው "ፖክ" ካለ ደህና ነው። ዝም ካለ የሆነ ቦታ ያሾልካል። ከዚያ ትነፋዋለች፤ ከወፍራሙ ድምፅ ወደ ቀጭኑ ስትሻገር ክላርኔቱ እንደ ዳክዬ ከጮኸ ኢዩ በሳቅ አልጋው ላይ ይንከባለላል።

አንድ ቀን ጋሽ ኣክሊሉ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ጎን ያስቀመጠቻቸውን ሳጥኖች እያየ ተከፋ።

"ተናኜ፣ አበዛሽው። ልጆች እኮ ናቸው፤ ምን ለይተው ያውቃሉ?"

"ልጆች ስለሆኑማ ነው" አለችው። "አዋቂ ሰው መጥፎ ክላርኔት ሲገጥመው ክላርኔቱን ይሰድባል። ልጅ ግን ራሱን ነው የሚሰድበው። 'አልችልም' ይልና እስከ ዕድሜ ልኩ ይተወዋል።"

ጋሽ ኣክሊሉ ሳጥኖቹን ተሸክሞ ሄደ። የጣለችበትንም ሌላ ቦታ ሳይሸጠው አልቀረም።

ከክረምቱ በኋላ እናቴ ተለወጠች። ማለዳ ማለዳ ነጠላዋን አጣፍታ "ኪዳን ላደርስ ነው" እያለች መውጣት ጀመረች። አንዲት ቀይ የፕላስቲክ ኩባያ ገዝታ ከእኛ ዕቃ ለይታ መደርደሪያው ጫፍ ላይ ሰቀለቻት፤ ማንም እንዳይነካት። እኔ ኩባያዋ ስላማረች ለራሷ የሰሰተች መሰለኝ። እኛን መሳም ተወች። እና መንፋት አቆመች። ክላርኔት ከሳጥን ወጥቶ ወደ ከንፈሯ ሳይሄድ መቅረቱን ሳይ ግራ ገባኝ፤ ሰው እንጀራ ቆርሶ ወጥ አጥቅሶ ሳይጎርስ ሲያስቀምጠው እንደማየት ነበር።

አሁን የማውቀውን ያኔ አላውቅም። ማለዳ የምትሄደው ወደ ጤና ጣቢያ፣ ነርሷ ፊት ቆማ ክኒን ልትውጥ ነበር። ይህን ከጎረቤቶቻችን ያወቀችው እትዬ የሺመቤት ብቻ ነች፤ እሷም ለልጅዋ ክትባት ሄዳ ወረፋው ላይ ስላየቻት ነው።

ሳትነፋ የምትፈትንበትን ዘዴ ደግሞ አመጣች። ትንሽዬ አምፖል ቀጭን ሽቦ ላይ አስራ ከባትሪ ድንጋይ ጋር ታገናኝና በክላርኔቱ ሆድ ውስጥ ታወርዳታለች። ቁልፎቹ ሲዘጉ ቀዳዳውን በሚደፍነው ትራሳቸው ዙሪያ ብርሃን ከወጣ፣ በዚያ በኩል ትንፋሽም ይወጣል ማለት ነው። ብርሃኑ እንዲታይ ግን ቤቱ መጨለም አለበት። በሩን ትዘጋለች፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ትጋርዳለች፣ በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ጨርቅ ትወትፋለች። ሦስታችን ወለሉ ላይ ጭንቅላታችንን ገጥመን እንደፋለን። በጨለማው ውስጥ ከጥቁሩ ክላርኔት ጎን የመርፌ ጫፍ የምታህል ብርሃን ብቅ ትላለች።

"ኮከብ" ይላል ኢዩ፣ በሹክሹክታ።

"አዎ፣ ኮከብ። ኮከብ ያለበት አይረባም" ትላለች እናቴ፤ ፊቷን አዙራ ነጠላዋ ውስጥ ትስልና እንደገና ትመለስብናለች።

እንዲህ እያልን ረጅም ከሰዓት በኋላዎችን አሳልፈናል። ቤቱ ይሞቃል፤ የእናቴ ትከሻ ትከሻዬን ይነካል። መሳም ስለተወች እሷን የምጠጋበት ጊዜ ያ ብቻ ነበርና ሌላ ሳጥን እንዲመጣ እጸልይ ነበር። በልጅነቴ ከዚያ የበለጠ የደስታ ጊዜ አላስታውስም።

በዚያው ሰሞን ጋሽ ኣክሊሉ መጥቶ በሩ ላይ ሆነው ሲያወሩ ሰማሁ።

"ሳምባውስ?" አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ተበልቷል አሉኝ። በቀኝ በኩል ያለው።"

"ይድናል?"

"ይድናል ይላሉ። ጊዜ ይፈልጋል።"

እናቴ ከንፈር የሚነካውን ክፍል አፍ፣ የላይኛውን ግንድ ሳምባ እያለች ነበር ያስተማረችን። ትራሶቹን ብል የበላቸው ክላርኔትም አይቼ አውቃለሁ። ስለዚህ የታመመውን ክላርኔት ፍለጋ ሳጥኖቹን ሁሉ ከፍቼ ሳምባ ሳምባቸውን ስመረምር ዋልኩ። ሁሉም ደህና ነበሩ። ለእናቴ "አንዱም አልተበላም" ብዬ ስነግራት ለትንሽ ጊዜ አየችኝና ወደ ውጭ ወጣች።

ጋሽ ኣክሊሉ እንግዲህ ያውቅ ነበር። እያወቀም ሳጥኖቹን ማምጣት አላቋረጠም፤ እሷም አይምጡ አላለችም።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ቦኖ ውኃው ጋ ልብስ ስታጥብ ኢዩ ከተከፈተ ሳጥን ውስጥ እሷ በፊት ትነፋበት የነበረ የክላርኔት አፍ አንሥቶ ከንፈሩ ላይ አደረገው። ነፋው። ዳክዬዋ ጮኸች። ሁለታችንም ሳቅን። ደግሞ ነፋው። እናቴ እጇ አረፋ እንደሆነ በሩን በርግዳ ገባች። ያን ፊቷን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። በጥፊ ስትመታው የክላርኔቱ አፍ ተስፈንጥሮ ግድግዳው ሥር ወደቀ። ኢዩን መትታው አታውቅም ነበርና መጀመሪያ ማልቀስ እንኳ ረሳ።

"ትሞታለህ!" አለችው። "ስንቴ ልንገርህ? ትሞታለህ!"

ጎትታ አውጥታ ከንፈሩን፣ ምላሱን፣ ድዱን በሳሙና አጠበችው። እሱ ያለቅሳል፣ እሷ ታጥበዋለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ ከእኛ ይልቅ ክላርኔቶቹን ትወዳለች።

ከሳምንታት በኋላ ኢዩ አተኮሰው። መጀመሪያ ምች ነው ተባለና እትዬ የሺመቤት ዳማከሴ አሸችው። ትኩሳቱ አልለቀውም። ያስመልሰዋል፣ ብርሃን አይወድም፣ ይተኛል። ከዚያ አንገቱ እንደ እንጨት ደረቀ። እናቴ አዝላው ወደ አስፋልቱ ስትሮጥ፣ እግሮቹ ከጀርባዋ ግራና ቀኝ ሲወዛወዙ አይቻለሁ። ከሆስፒታል ይዛው አልተመለሰችም። አባቴ ሐዱሽ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ለቀብሩ የደረሰው ልብሱን እንኳ ሳይቀይር፣ የአፋር አቧራ ፀጉሩ ላይ እንዳለ ነው።

ድንኳኑ ግቢው ውስጥ ተተከለ። እኔ ከሴቶቹ ወንበር ኋላ ሸራውን ተደግፌ ተቀምጫለሁ። እትዬ የሺመቤት ለአጠገቧ ሴት በጆሮዋ ስትነግራት ሰማኋት።

"በአፏ ነው አሉ የገደለችው። በገዛ አፏ—"

አውሮፕላን መጣ። ድንኳኑን፣ ለቅሶውን፣ የእትዬ የሺመቤትን ቀሪ ቃል ሁሉ ይዞ አለፈ። ሲያልፍ ሴቶቹ ከንፈራቸውን ይመጥጡ ነበር።

የዓረፍተ ነገሩን ቀሪ ያገኘሁት አድጌ፣ አሥረኛ ክፍል ሆኜ፣ እትዬ የሺመቤትን ፊት ለፊት ስጠይቃት ነው። "እሷ የነፋችበትን የክላርኔት አፍ ሕፃኑ ጎርሶት ነው ያልኩት እንጂ ሌላ ምን እላለሁ ልጄ?" አለችኝ ደንግጣ። ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ ግን እኔ የሰማሁት ግማሹን ነው። "ትሞታለህ" ብላው ነበር፤ ሞተ። የእናቴ አፍ ይገድላል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ አፏን በከፈተች ቁጥር እደነግጥ ነበር። ስሜን ስትጠራ ልቤ ይመታል። እንዳላስቆጣት የምትፈልገውን ሁሉ ሳልጠየቅ እሠራለሁ። ሰው ሁሉ "ኀዘኑ አበሰላት፣ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ወጣት" ይለኝ ነበር።

ሰልስቱ እንዳለፈ እናቴ እጄን ይዛ በታክሲ ወደ አትላስ ወሰደችኝ። አባቴ ወደ ሥራው ተመልሶ ስለነበር የሚጠብቀኝ አልነበረም። በደረጃው ወርደን መጋዘኑ ስንገባ ጋሽ ኣክሊሉ ለኀዘኑ ከወንበሩ ተነሣ። ለትምህርት ቤቱ የተመረጡት ክላርኔቶች በግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። እናቴ ሰላምታውን ሳትመልስ አንዱን ሳጥን ከፈተች፣ አፉን አወጣች፣ ሲሚንቶው ላይ አስቀመጠችና ከመሣሪያ ሣጥኑ ባነሣችው መዶሻ መታችው። ጥቁሩ ፍንካች እግሬ ሥር ድረስ መጣ። ሁለተኛውን ከፈተች።

"ተናኜ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ሁሉንም ነፍቼያቸዋለሁ። ሳላውቅ ነፍቼያቸዋለሁ።"

"በአልኮል ይጠረጋል እኮ።"

"ጠርገው ለልጅዎ አፍ ይሰጡታል?" አለችው፤ መዶሻው እጇ ላይ እንዳለ ቀና ብላ። "ይንገሩኝ። ይሰጡታል?"

ጋሽ ኣክሊሉ ሄዶ በሩን ቆለፈ። "ቶሎ ጨርሺ፤ ሰው ይሰማል" አላት ተመልሶ።

ጨረሰች። በየመሀሉ ሳል እየያዛት፣ ሳሉን በክንዷ እያፈነች፣ አንድም ሳታስቀር ሰበረቻቸው። ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። አፍ እንደሚገድል እሷም አውቃለች። የራሷን አፍ መስበር ስላልቻለች የክላርኔቶቹን ትሰብራለች። ስንወጣ ጋሽ ኣክሊሉ ጎንበስ ብሎ ማስቲካ ሰጠኝና፣ "እናትሽ በኀዘን ነው፤ ያየሽውን ለማንም አትንገሪ፣ እሺ?" አለኝ። ደግ ሰው መሰለኝ። ኋላ እንደሰማሁት በወሩ ሌሎች ርካሽ የፕላስቲክ አፎች ገጥሞ ክላርኔቶቹን ለትምህርት ቤቱ አስረከበ። እናቴን ግን ከዚያ ወዲያ አልጠራትም። ክፉ ሰው ነው ለማለት አልችልም። የሳምባ ነቀርሳ ያለባት ሴት የነፋችበት ዕቃ እንደሆነ ቢሰማ አንድም ወላጅ እንደማይገዛው ያውቃል፤ የፈራው እሱን ነው።

ክኒኑ አላሻላትም። መድኃኒት የተላመደ ነቀርሳ ነው ተባለ፤ ያን ጊዜ ለዚያ ዓይነቱ የሚሆን መድኃኒት እንደ ዛሬ አይገኝም ነበር። ከሳች። የሚሌኒየሙ በዓል ሲደርስ ሆስፒታል ገባች፤ አባቴም ከባድ መኪናውን ትቶ መጣ።

አንድ ቀን ከምሳ ሰዓት በኋላ ወደ እሷ ወሰደኝ። አልጋዋ ክፍሉ ጥግ ላይ ነበር። ከትራሱ ቀና ለማለት ስትሞክር አባቴ ደገፋት። እኔን ስታይ ከንፈሮቿ ተንቀሳቀሱ። የምትለው ሳይደርሰኝ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ፤ በሩን አለፍኩና ኮሪደሩ ላይ፣ አንዲት ነርስ ጀርባ ሆኜ ቆምኩ። ነርሷ "ሂጂ እንጂ፣ እናትሽ እየጠራችሽ ነው" ብላ ልትገፋኝ ስትል እናቴ እጇን አነሣች።

"ተያት" አለቻት። ለእኔም፣ "ጎበዝ ልጄ። እንዲያ ነው። እዚያው ሁኚ" አለችኝ።

እዚያው ሆንኩ። አባቴን አስጠግታ ብዙ ነገረችው፤ እኔ ግን አልሰማሁም። በሦስተኛው ቀን ሞተች።

አባቴ ዳግም ወደ ጅቡቲ መስመር አልተመለሰም። እዚያው ቦሌ ሚካኤል የአንድ እንጨት መሸጫ ጥበቃ ሆኖ አሳደገኝ። ፀጉር መጎንጎን ከእትዬ የሺመቤት ተማረ፤ ለወላጆች ስብሰባ የጥበቃ ካፖርቱን አውልቆ በብብቱ ይዞ ይመጣል። ሌላ ሚስት አላገባም።

ሳድግ፣ እትዬ የሺመቤት ቀሪውን ቃል ከነገረችኝ በኋላ፣ ስለዚያች የሆስፒታል ቀን ብዙ አልቅሻለሁ። መጽናኛ የሚሆነኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። እናቴ ያራቀኝ ፍርሃት መሆኑን አላወቀችም። በሽታው እንዳይዘኝ ምክሯን ሰምቼ የራቅሁ መስሏት፣ ታዛዥ ልጅ አለችኝ ብላ ደስ ብሏት ሞተች፤ እንዲህ እያልኩ ብዙ ዓመት ኖርኩ።

ባለፈው ዓመት አዲስ ሥራ ልጀምር ስል የጤና ምርመራ ታዘዝኩ። ወጣቱ ሐኪም የደረቴን ራጅ መብራት ላይ ሰቅሎ በብዕሩ ጫፍ አንድ ቦታ አሳየኝ።

"ይኼ የቆየ ጠባሳ ነው፤ አያስጋሽም። በልጅነትሽ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ነበር?"

እናቴ እንደነበረች፣ ወንድሜም እሷ የነፋችበትን የክላርኔት አፍ ጎርሶ እንደሞተ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

"በዕቃ አይደለም። ኩባያ መለየት፣ ማንኪያ መለየት፣ ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚያደርገው። የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው። አየር በማይገባበት ቤት አብሮ ረጅም ሰዓት መቀመጥ ነው ችግሩ።"

ሌላም ነገር ሲናገር ነበር። እኔ ግን የተጋረደው መስኮት፣ በበሩ ሥር የተወተፈው ጨርቅ፣ ወለሉ ላይ የተጋጠመው ሦስት ጭንቅላት ፊቴ ላይ መጥቶ አልሰማሁትም። እንዳታስይዘን ብላ መንፋት ተወች፤ መንፋት ስለተወች ቤቱን አጨለመችው። የልጅነቴ ደስታ ያ ነበር።

ዛሬ አባቴና እኔ ሰሚት ኮንዶሚኒየም አብረን እንኖራለን። አርጅቷል፤ ጉልበቱ ደረጃ አይችልም። የሐኪሙን ቃል ለብዙ ጊዜ ያዝኩት። አንድ እሑድ ግን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘሁትና ነገርኩት። እናቴ በክላርኔቱ አፍ ምክንያት ራሷን ስትረግም ስለሞተች፣ ሰበቡ እሱ እንዳልነበረ ቢያንስ እሱ እንዲያውቅ ፈለግሁ።

እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

"እሷን ማን እንዳስያዛት ጠይቀሽኝ አታውቂም፣ ጓለይ" አለኝ፤ ልጄ ሲለኝ ሁልጊዜ በትግርኛ ነው።

አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"መጀመሪያ የሳልኩት እኔ ነኝ። እዚያው መስመር ላይ ክኒን ሰጡኝ፤ ለወራት ትውጣለህ አሉኝ። ሲሻለኝ ጣልኩት። ሥራ ነው፣ መንገድ ነው ብዬ። ቤት ይዤው የገባሁት እኔ ነኝ። በሽታውን መድኃኒት ያስለመድኩትም እኔ ነኝ።"

"እማዬ ታውቅ ነበር?"

"ታውቃለች። ያን ቀን ሆስፒታል፣ አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ፣ ጠርቼሽ ልነግርሽ ነበር። ወንድምሽን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ እናትሽን አትፍሪያት ልልሽ ነበር። ከለከለችኝ።"

"አልገባኝም። እንደፈራኋት በምን አወቀች?"

"ዓይንሽ ላይ አየችው እንጂ። 'ጠልታኛለች ሐዱሽ፣ ተዋት' አለችኝ። 'እኔ ሟች ነኝ፤ እኔን ብትጠላ ምንም አይደለም። አንተንም ከጠላች ግን ከማን ጋር ታድጋለች?' አስማለችኝ።"

እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ ታች፣ ልጆች ኳስ ወደሚጫወቱበት ሜዳ ያያል። የሚጠብቀው ነገር እንዳለ ገብቶኛል። እኔም ፈልጌው ነበር። ኢዩን አሰብኩ፣ ድዱን በሳሙና ስታጥበው፤ መዶሻውን አሰብኩ። ቁጣዬ እንዲመጣ ጠበቅሁ። የመጣልኝ ግን የእሱ ሻካራ ጣት ከትምህርት ቤት በፊት ፀጉሬን ሲፈትል፣ አሳምሜሽ ይሆን እያለ ሲጠይቀኝ ነው።

"ፀሐዩ በረታ አባዬ፤ ና ግባ" አልኩት። ክንዱን ይዤ አስነሣሁትና ምሳውን ላሞቅ ወደ ማዕድ ቤት ሄድኩ።